ለዓይን የተቆፈረ ጉድጓድ

ሰው መልካሙን ነገር እያወቀ ለምን አይሠራውም? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ሊቃውንትም፣ ሐኪሞችም፣ ወላጆችም ሲጠይቁት ኖረዋል። እኛ ግን ለዛሬ ከአንድ ገበሬ ጓሮ እንጀምር።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ዓለም ከተማ ይገባል። ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር የእናቴ ወንድም ይኖራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ የአስር ሶላት ሲደርስ ውዱእ ለማድረግ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከጓሮው ጥግ ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፣ ክዳኗ ሣር የሆነ አንዲት ትንሽ ጎጆ ቆማለች። መጸዳጃ ቤት መሆኗን ሳውቅ ደስ አለኝ። በሯን ገፋ ባደርገው ግን ውስጧ እስከ ጣሪያው ድረስ ማገዶ ተከምሮባታል፤ በማገዶው ላይ ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱማ ተቆጥሯል እኮ» አሉኝ።

መልሳቸው ይኸው ነበር። ሰዎች መጥተው ቆጥረዋል፤ በወረቀት ሰፍሯል፤ ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

አጎቴ አላዋቂ ሆነው እንዳይመስላችሁ። በዓይን ማዝ፣ ሐኪሞች ትራኮማ በሚሉት በሽታ፣ የገዛ እናታቸው ዓይን ሲጠፋ አይተዋል። የእኔ አያት ማለት ናቸው። በልጅነቴ ከደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ያዘነብሉና ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅልላቸው ነበር። በሽታው በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል፤ የዓይን ቆብን ከውስጥ በኩል እያጠባሰሰ ይኖራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይንን ይፍቃል። የነቀልኩት ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ እኔም እንደገና እነቅላለሁ። አያቴ የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት ብርሃን ሳያዩ ነው። ስለዚህ አጎቴን ዝንብ በሽታውን ከልጅ ወደ ልጅ እንደምታመላልስ፣ ያቺ ዝንብ የምትራባውም በተሸፈነ ጉድጓድ ሳይሆን ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንደሆነ ብትጠይቋቸው ከእኔ አሳምረው ይነግሯችኋል። አገራችን፣ በተለይም የአማራ ክልል፣ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑንም ሰምተዋል።

እንግዲህ የጎደለው እውቀት ካልሆነ ምንድን ነው?

ጥያቄው የሥነ ልቡና ባለሙያዎችንም አስጨንቋል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የኤክስሬይ ምርመራ በነፃ ሲሰጥ ብዙ ሰው ሳይመጣ ቀረ። የጤና ሥነ ልቡና የሚባለው የጥናት ዘርፍ ከሥሩ አንዱን ያበቀለው ከዚህ እንቆቅልሽ ነው። ይበልጥ የሚገርመው በ1965 እ.ኤ.አ. በየል ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ነው። ተማሪዎች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲወስዱ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ለአንዳንዶቹ የተሰጠው ጽሑፍ በሚያስደነግጥ ሥዕል የተሞላ፣ ለሌሎቹ የተሰጠው ለዘብ ያለ ነበር። የደነገጡት ተማሪዎች ክትባቱ እንደሚያስፈልግ አምነው ተናገሩ። ነገር ግን ሄዶ መከተብ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱን ያመጣው ድንጋጤው አልነበረም። ለአንዳንዶቹ የግቢው ካርታ ተሰጥቷቸው፣ ክሊኒኩ ተከብቦ ታይቷቸው፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት በዚያ በኩል እንደሚያልፉ እንዲያስቡ ተደርገው ነበር። ከእነዚህ መካከል ከመቶ 28 ያህሉ ተከተቡ። ካርታውን ካላገኙት መካከል ግን የተከተቡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። ክሊኒኩ የት እንዳለ እኮ ሁሉም ያውቁ ነበር!

ይህን ሳነብ ሶላት ትዝ አለኝ። «በቻላችሁ ጊዜ ስገዱ» ብቻ ተብለን ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን ስንቱ ይሰግድ ነበር? ጊዜው ተለይቶ፣ ፀሐይ ራሷ ምልክት ሆና ተሰጠን። ኒያ ከልብ ነው፤ ሆኖም ጊዜና ቦታ ያላገኘ ኒያ ብዙውን ጊዜ ልብ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ወደ ጓሮው ልመልሳችሁ። የዚያን ዕለት አጎቴ በማንቆርቆሪያ ውሃ ሰጡኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ ጥፍንግ በሚያህል ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር የተላለፈልን ስለሆነ፣ ውሃው ከሩቅ በጀርባ የመጣ መሆኑንም ስለማውቅ፣ ቆጥቤ ታጠብኩ። በዚህም በራሴ ደስ አለኝ። የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ሦስት ዓመት የሚሆነው ሕፃን፣ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። ዓይኑ ሥር ዓይነ ማዝ ደርቋል፤ ዝንቦች ያርፋሉ፣ ይነሳሉ፣ ተመልሰው ያርፋሉ። እሱም ለምዷቸው እጁን እንኳ አያነሳም። እኔ ተረከዜን አሟልቼ ታጥቤ፣ የተረፈውን ውሃ መሬት ላይ ደፍቼ፣ ልሰግድ ገባሁ።

ነገሩ የታየኝ ማታ ነው። በሙስሊም ቤት በቀን አምስት ጊዜ ፊት ይታጠባል ብለን እንኩራራለን። የሚታጠበው ግን የሚሰግደው ሰው ነው። ትራኮማ ዋና ጎጆውን የሚሠራው ደግሞ ገና ሶላት ካልታዘዙት ሕፃናት ዓይን ላይ ነው። ከእነሱ ወደ እናትና ወደ አያት ይሻገራል፤ ሽፋሽፍታቸው የሚታጠፍባቸው ሴቶች ከወንዶቹ ወደ እጥፍ የሚጠጉት ከሕፃናቱ ጋር ስለሚውሉ ነው። እኔም የአያቴን ሽፋሽፍት ስነቅል አድጌ፣ ስለ በሽታው አንብቤ፣ ውሃ በእጄ ይዤ አላደረግኩትም። አጎቴን በምን አፌ ልውቀሳቸው?

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ላይ ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። ሰው እያወቀ ካልሠራ እንዲሠራ ማድረግ የሚገባው በምን መንገድ ነው? በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ። ከቤት ቤት እየዞሩ አስተማሩ፤ ትምህርቱን በተግባር ያዋለ ቤተሰብ «ሞዴል» ተብሎ ተመረቀ። ሐሳቡ ኤቨረት ሮጀርስ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ካስፋፋው ትምህርት ጋር ይዛመዳል፤ ገበሬ አዲስ ነገር የሚቀበለው ከመምህር ይልቅ ከጎረቤቱ አይቶ ነው ይላል። ይህ መልካም ነው። በፀሐይና በጭቃ ያን ሁሉ ቤት ያዳረሱ እህቶቻችን ውለታም በቀላሉ አይከፈልም።

ሌላም መንገድ አለ። በባንግላዴሽ ካማል ካር የተባሉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2000 ባለው ጊዜ የጀመሩት ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እኛም አገር መጥቷል። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ሜዳ ወደተጸዳዳበት ስፍራ ይወሰዳል። ዓይነ ምድሩና ምግብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዝንቦች ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለሱ ሁሉም ያያል። ሰውም ይጸየፋል፣ ያፍራል፣ በዚያው ቀን ጉድጓድ ልቆፍር ይላል። ይህን ማየት ሰውን ያነቃል፤ ዓይን የሸሸውን ነገር ማሳየት ማታለል አይደለምና በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በአንዳንድ አገሮች ግን ከዚህ አልፈው ሜዳ የወጣውን ሰው ሕፃናት በፊሽካ እንዲያሳድዱት፣ ፎቶግራፍ እንዲነሳ እስከማድረግ ደርሰዋል። እዚህ ላይ ልቤ እምቢ ይላል። የወንድምን ነውር መሸፈን የተማርን ሰዎች፣ አሮጊት እናት ላይ ፊሽካ ሲነፋ «ለጤናቸው ነው» ብለን ዝም ማለት እንችላለን?

«የሕፃን ዓይን ከሚጠፋ የአዋቂ ፊት ቢቀላ ምን አለበት?» የሚለኝ አይጠፋም። ከባድ ክርክር ነው፤ አያቴን ሳስብ ወደዚያው የማደላበት ጊዜ አለ። ደግሞም ዝንብ ኒያ አትጠይቅም። ይዩልኝ ብሎ የቆፈረውም፣ አላህን ፈርቶ የቆፈረውም፣ ጉድጓዱን እስከተጠቀሙበት ድረስ ሜዳው ንጹሕ ይሆናል። በዚህ በኩል ጤና ከኢባዳ ይለያል። ዳሩ ግን «እስከተጠቀሙበት ድረስ» የምትለዋን ቃል እዩዋት። ይዩልኝ የሚቆየው የሚያይ ዓይን እስካለ ብቻ ነው። ቆጣሪው ዞር ሲል ማገዶው ይገባል፣ ዶሮዋም ትታቀፋለች።

አስተማሪዎችም ትሕትና ያስፈልጋቸዋል። በዋግ ኽምራ በ40 አካባቢዎች ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ጥናት ተደርጎ ነበር። ለግማሾቹ የውሃ ጉድጓድ ተሠራላቸው፤ መጸዳጃ እንዲቆፍሩ ተመከሩ፤ ስለ ንጽሕና ተማሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሕፃናቱ የትራኮማ ልክፍት ካልተሠራላቸው ጋር ሲነጻጸር አልቀነሰም። ይህ ውሃና ንጽሕና ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ለተቅማጥም ለክብርም ያስፈልጋሉ፤ ለዓይኑም መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው አሉ። ነገር ግን «በሽታው ያልጠፋው ስላልሰሙን ነው» እያልን ድኃውን ከመውቀሳችን በፊት ምላሳችንን እንድንሰበስብ ያደርገናል።

በማግስቱ ከመሄዴ በፊት የአጎቴን ባለቤት ቡና ሲያፈሉ አገኘኋቸውና «እትዬ፣ መጸዳጃዋን ለምን አትጠቀሙባትም?» አልኳቸው።

እንደ መሳቅ አሉና «ልጄ፣ በሯ እኮ ወደ መንገዱ ነው» አሉኝ። «ገበያ የሚወርደው ሁሉ ስገባ ያየኛል፣ ስወጣም ያየኛል። ሲቆፍሩ እኔን ማን ጠየቀኝ? ጨለማ እስኪሆን ብጠብቅ ይሻለኛል።»

ብርቱ ነገር ነው። አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ራሷን ይዛ የምትውለው በሽታን ሳታውቅ ቀርታ ሳይሆን ሐያእ ይዟት ነው። ያንኑ ሐያእ ሌሎች ፊሽካ አድርገው ሊነፉባት ይፈልጋሉ፤ በሩን ማዞር ግን ለማንም አልታየውም። አጎቴ ከጎናችን ሆነው ይሰሙ ነበር፤ ምንም አልተናገሩም።

በዓመቱ ስመለስ የጎጆዋ በር ወደ አጥሩ ዞሯል። ማገዶው ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ለአስር ሶላት ማንቆርቆሪያው ሲመጣ አጎቴ መጀመሪያ ሕፃኑን ጠሩትና በእጃቸው ጥቂት ውሃ ቀድተው ፊቱን አበሱለት፤ ከዚያ ለራሳቸው ውዱእ ያዙ። ልጁም የለመደ ይመስል ፊቱን ቀና አድርጎ ሰጣቸው። ደስ ብሎኝ ሳያቸው አጎቴ ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ማየት አለማየቴን የሚያረጋግጡ ይመስል ነበር።