ሰፊው ስክሪንና በአጠገባችን ያለው ሰው

ከጥቂት ወራት በፊት ባለ ሰፊ ስክሪን ስልክ እጄ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ስክሪን 3.5 ኢንች ብቻ ነበር፤ በ2011 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 5.3 ኢንች ይዞ ሲመጣ ብዙዎች «ለእጅ አይመችም» ብለውት ነበር፤ የእኔው ግን 6.7 ነው። ጥቅሙን አልክድም፤ ፊደሉ ስለሚጎላ ረጅም ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ አይደክምም።

ይሁን እንጂ አንድ ምሽት አረጋዊት እናቴ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲነግሩኝ፣ እኔ «እሺ» እያልሁ ስክሪኑን እመለከት ነበር። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ሥራ ካለህ ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» አሉኝ። ሥራ አልነበረኝም። ቃላቸው ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ፤ ቅሬታቸውን በትሕትና ሸፍነውልኛልና።

እንግዲህ ጥፋቱ የመሣሪያው ነውን? መሣሪያ ፈቃድ ስለሌለው አይወቀስም ማለት ይቀላል። ነገር ግን እየጮኸ የሚጠራና ገጹ የማያልቅ ነገር፣ ተዘግቶ እንደሚቀመጥ መጽሐፍ አይደለም፤ ዓይናችንን ለመያዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን ማወቃችን ግን ኃላፊነታችንን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም፤ ሳያውቅ ለሚሳብ ሰው ይታዘንለታል፣ እያወቀ የሚሳብ ግን ይጠየቃል። ትኵረት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይውልም፤ ለአንዱ ስንሰጠው ሌላውን እንነፍጋለን።

ስልኩን አልጣልሁትም። እናቴን ስጎበኝ ግን ከበሩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። የጉልበታቸውንም ነገር በመጨረሻ እስከ ፍጻሜው ሰማሁ።