የአባትህ ጡረታ ስንት ነው?

 

ባለፈው ጁሙዓ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከሶላት ስንወጣ፣ ሥራ ከጀመረ ወር ያልሞላው አንድ ወጣት ፎርም አሳየኝ። «የአባት ሁኔታ፦ በሥራ ላይ / ጡረታ» ይላል። «ኡስታዝ፣ አባቴ ሸማኔ ነበር። ዓይኑ ሲደክም ሽመናውን ተወ፤ ግን አሁንም ለሌሎች ክር ያጠነጥናል። የቱ ላይ ምልክት ላድርግ?» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ መልስ አጣሁ።

መንግሥት መለኪያ አለው። ዕድሜ 60፣ አገልግሎት ቢያንስ 10 ዓመት። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ገብተውበታል። ግን ይህ ደመወዝ ላለው ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ 60 ሲሞላቸው ደብዳቤ የሚሰጣቸው የለም። እናትህማ! ከምድጃ ጡረታ የወጣች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እስቲ ቃሉን እዩት። ዓረቦች «ተቃዑድ» ይሉታል፤ ከመቀመጥ የመጣ ነው። እንግሊዝኛው ገለል ማለትን ያሳያል። የኛው «ጡረታ» ግን ከመጦር ነው። ሥራ ስለማቆም ምንም አይልም። ጧሪ አለ ወይ ነው የሚለው። «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» ስንል የምናዝነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የዚያ ወጣት አባት ክር የሚያጠነጥኑት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሰልችቷቸው ከሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጡረተኛ ናቸው። የቡናና የጨው መግዣ አጥተው ከሆነ ግን ዕድሜያቸው 80 ቢሆንም ጡረታ አልወጡም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ለወላጆች በጎ መዋልን ሲያዝ፣ እርጅናቸው የሚደርሰው አንተ ዘንድ እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። አንተን፣ በነጠላ። «ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ አለ» ማለት አያዋጣም።

ልጅ የሌለውስ? ኢማም አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት፣ ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ዓይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምን አገኙ። እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ካላቸው ሰጡት። ለእርሱና ለመሰሎቹም ከበይተል ማል እንዲታሰብላቸው አዘዙ። ጉልበቱን ተጠቅመንበት ሲያረጅ መጣል ፍትሕ አይደለም ብለው ነው። ሃይማኖቱ አላገደውም። ዛሬ በየመስጂዱ በር ለተቀመጡት አዛውንቶች ማነው እንዲህ የሚያስብ? ይህ የጀመዓችንም ጥያቄ ነው።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። «ካንተ ደመወዝ ለጡረታህ 7 ከመቶ ይቆረጣል አይደል?» አልኩት። «አዎ፣ ሳላየው ነው የሚቆረጠው» አለ። «ለአባትህስ ስንት ይቆረጣል?» ዝም አለ። ጫማውን አስሮ እስኪጨርስ ሲያስብ ቆየና አንድ ቁጥር ነገረኝ። ምስጢሩ ነውና አልጽፈውም፤ ከ7 ከመቶ ግን ይበልጣል። ፎርሙንም «ጡረታ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ አጠፈው።