ግንቡ የወደቀባቸው ሰዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እሑድ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በየአጥቢያችን አስቀድሰን፣ ዘመኑ ክረምት ነውና ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ ጸልየን ወደየቤታችን ገባን። በዚያው ቀን በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ በተባለው ቀበሌ ከከባድ ዝናም የተነሣ ተራራው ተንዶ በቤቶች ላይ ወረደ። በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለውም በእጁ ጭቃውን ይቆፍር ጀመር። በዚህ ላይ ሳሉ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

በዚያ ሳምንት በጉባኤያችን ነገሩ ሲነሣ አንዱ ተናጋሪ እኔ ነበርሁ። ሳልደብቅ ልናገር፤ «የኃጢአታችን ብዛት ነው፤ እግዚአብሔር ተቆጥቷል» አልሁ። ብዙዎችም ራሳቸውን በመነቅነቅ ተስማሙ። ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ግን ከኋላ ተቀምጣ የነበረች አንዲት እኅት ቀርባ፣ «ወንድሜ፣ ሊያወጡ የሄዱት ምን አጠፉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእናቷ አገር በዚያው አካባቢ እንደ ሆነ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያን ዕለት ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ያ ዝምታ ነው።

እንግዲህ መጽሐፍን እንመልከት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱ ዐሥራ ስምንት ሰዎች ይነገራል። ጌታችን እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጦ ተናገረ። የንስሐውን ቃል ያቀናው በሕይወት ቆመው ወደሚሰሙት ነው። እኔ ግን የተገላቢጦሽ አድርጌ፣ ፍርዱን ለሞቱት ሰጥቼ፣ ለራሴና ለሚሰሙኝ «ኃጢአታችን» የምትል ማንንም የማትነካ ቃል አስቀረሁ።

የኢዮብም ነገር እንዲሁ ነው። ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ መልካም ነበሩ። ጥፋታቸው የተጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለእግዚአብሔር የተከራከሩ እየመሰላቸው መከረኛውን ከሰሱት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ሆነ። ስለ አምላክ ቅንዓት አለኝ የሚል ወጣት ይህን ምዕራፍ (ኢዮ. 42) ደጋግሞ ቢያነበው መልካም ነው። ለእኔ ዘግይቶ ደረሰኝ።

ታዲያ እግዚአብሔር ዓለሙን አይገዛም ማለት ነውን? አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት ሁሉን የያዘ ብለን እንጠራዋለን። ነገር ግን ሁሉን የያዘ ማለት የደረሰው መከራ ሁሉ ምክንያት ለእኛ ተገልጦልናል ማለት አይደለም። ለኢዮብ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ሲናገረው እንኳ ምክንያቱን አልነገረውም፤ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ዝናም የሚያዘንም ማን እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ። ምክንያቱ ያልተነገረውም ኢዮብ ሰገደ። ይህ ለእኔ ከማንኛውም ክርክር የሚከብድ ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ምድር ለወራት ስትናወጥ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምንኖር እንኳ ደንግጠን ደረጃ ወርደናል። በአፋርና በኦሮሚያ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ትቶ ተሰደደ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በስምጥ ሸለቆው ምድር ቀስ በቀስ እየተላቀቀች ናት፤ ከሥሯም የቀለጠ ዐለት ይንቀሳቀሳል። ይህን የሰው እጅ አላመጣውም። ሐይቆቻችን የተኙበትን ሸለቆ ያበጀው፣ በሶደሬና በወንዶ ገነት ሕዝቡ የሚታጠብበትን ፍል ውኃ የሚያሞቀውም ያው የምድር መላቀቅ ነው። በዚህ ፊት የሰው ድርሻ መስገድ፣ ቤቱን አጠንክሮ መሥራትና የተፈናቀለውን ማስጠጋት ነው።

የተራራ መናድ ግን በከፊል ሌላ ነው። ዝናም የጠገበ አፈር ይከብዳል፣ መያያዣውም ይላላል፤ በተዳፋት ላይ ከሆነ ይንሸራተታል። የዛፍ ሥር አፈሩን ሰፍቶ ይይዘዋል፤ ዛፉ ከተመነጠረ የሚይዘው ይቀንሳል። በደን የተሸፈነም ተራራ ይናዳል፤ ስለዚህ የጎፋን ገበሬ ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው። በገደል አፋፍ የሚያርስ ሰው ሜዳ ቢያገኝ በሜዳ ባረሰ ነበር። ደግሞም የዓለም አየር ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ጢስ የተነሣ እየሞቀ ነው፤ የሞቀ አየር ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ከባድ ዝናም ሲወርድ ይበልጥ ይበረታል። ያን ጢስ በብዛት ያወጡት በሀብታም አገሮች ያሉ ፋብሪካዎችና መኪናዎች ናቸው፤ በበሬ የሚያርሰው ሰው ድርሻው ከቁጥር አይገባም። «ማን በደለ?» ብለን ከጠየቅን እንግዲህ ጣታችን ወዴት እንደሚያመለክት እንጠንቀቅ።

ጌታችን የግንቡን ነገር ተናግሮ ወዲያው ፍሬ ስላጣች በለስ ምሳሌ መሰለ። አትክልተኛው ዘንድሮን ብቻ ተዋት፣ ዙሪያዋን ቆፍሬ ፍግ ላድርግላት ብሎ ጌታውን ለመነ። አስተውሉ፤ ከልመናው ጋር ቁፋሮም አለ። እኛ ምህላውን ይዘን ዶማውን ትተነዋል። በደቡብ ጎንደር ከአየር ላይ የተነሡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ያውቃል፤ በተራቆተ እርሻ መካከል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ ይታያል፤ በክቡ መካከልም ቤተ ክርስቲያን አለች። አባቶቻችን ያን ደን በመጠበቃቸው እንኮራለን። ነገር ግን በአጥሩ ውስጥ ያለው ዛፍ የተቀደሰ፣ በአጥሩ ውጭ ያለው ማገዶ የሆነው በማን ትምህርት ነው? ለአዳም እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተሰጠችው ገነት የቅጽር ግቢ ብቻ አልነበረችም።

ያችን እኅት ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሊያወጡ የሄዱት ምንም እንዳላጠፉ፣ ጎረቤታቸውን እንደ ራሳቸው ወደው እንደ ሞቱ ነገርኋት። በሚቀጥለው ጉባኤም ተነሥቼ የተናገርሁትን አነሣሁ። እርስዋ ብዙ አልተናገረችም። የሰባት ሰዎች ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ፤ በጸሎት እንዳስባቸው ነው። ወረቀቱ በመዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ አለ። ክረምት ገብቶ ስለ ዝናም ሲጸለይ ስማቸውን እጠራለሁ፤ ዝናሙም በልኩ እንዲሆን፣ በዚያች ሌሊት ከተራራ ሥር ለሚያድሩት እለምናለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።