የሄደው ሁሉ በማሳ ይመለሳል

ልጆች፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1972 ከተሠሩት የሼቭሮሌ ሲ-10 ፒካፖች አንዱን ገዝታችሁ፣ ከተጋጨ ሲልቨራዶ የወጣ 5.3 ሊትር ሞተር አስገብታችሁ፣ ቱርቦ ካሰራችሁበት በኋላ ሽቦው ላይ ስትደርሱ ለምን እንደምትቸኩሉ ይገባኛል። ብየዳው አልቋል፤ ቀለሙ ደርቋል፤ ጓደኛ ሁሉ «መቼ ነው የምናስነሣው?» እያለ ይነዘንዛል። ሽቦ ደግሞ ፎቶ ላይ አያምርም። ቅዳሜ ዘርግተን እሑድ እንነዳዋለን የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በሽቦ ሥራ የፈሰሰው ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። መኪናውም፣ ጋራዡም፣ ከጋራዡ ጋር የተያያዘው ቤትም አብሮ ሊነድ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ወይም ቴክሳስ ሆናችሁ፣ ከአባታችሁ ካምሪ ጎን ቦታ ለምናችሁ ለምትሠሩት ነው። የእኔ ትውልድ የመኪና ኤሌክትሪክ የተማረው አዲስ አበባ፣ ፊያት ሴይቼንቶና ፔጆ 404 ላይ ነው። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ኮይል፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፤ ከዚያ በላይ ብዙም አልነበረም። ሲ-10ም ከፋብሪካ ሲወጣ ከዚህ ሩቅ አልነበረም። እናንተ ያስገባችሁት ሞተር ግን ለስምንቱም ሲሊንደር ለየብቻ ኮይል፣ ለስምንቱም ለየብቻ ኢንጀክተር፣ ኮምፒውተር፣ ሴንሰሮች፣ የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፓምፕና የኤሌክትሪክ ቬንቶላ ይፈልጋል። የድሮው መደበኛ ዲናሞ 40 አምፔር ገደማ ነበር የሚሰጠው፤ የ5.3ቱ የራሱ ዲናሞ እንደየሞዴሉ 105 ወይም 145 ይሰጣል። ስለዚህ አሮጌውን ሽቦ «እስካሁን ሠርቷል» ብላችሁ አዲሱን ዲናሞ እንዳትቀጥሉበት። ላስቲኩ የደረቀ፣ ውስጡ የጠቆረ የሃምሳ ዓመት ሽቦ ነው። ለናሙና አስቀምጡትና ከመኪናው ላይ አውጡት።

ለሞተሩ ራሱ፣ መጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የሽቦ ጥቅል ግዙ። ከተጋጨው መኪና ላይ የተቆረጠውን ጥቅል ፈትቶ መቀነስ ይቻላል፤ ገንዘብም ያድናል። ነገር ግን የትኛው ሽቦ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ መቁረጥ ለጀማሪ አይመከርም። የእናንተ ሥራ የቀረው ነው፤ ባትሪ፣ ማሳ (እናንተ ግራውንድ የምትሉት)፣ ፓምፕ፣ ቬንቶላ፣ መብራት። እዚያ ላይ የሚበቃ ትምህርት አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወጣት ሁሉ የሚያስበው ኤሌክትሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ቀዩ ሽቦ ወፍራም፣ የሚያምር፣ በቱቦ የተሸፈነ ይሆናል። ጥቁሩ ደግሞ የትም ብሎን ሥር ይታሰራል። ከባትሪ የወጣው ሁሉ ግን ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፤ መመለሻው ከጠበበ መሄጃው ምን ቢወፍር አይጠቅምም።

ይህ መኪና ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ሞተሩ የሚቀመጠው በጎማ ላይ ነው። ጋቢናውም ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው በጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተር፣ ሻንሲና ጋቢና በዓይን ሲታዩ አንድ ብረት ቢመስሉም ለኤሌክትሪክ ሦስት የተለያዩ ብረቶች ናቸው። በወፍራም ጠፍጣፋ ወይም ክብ ኬብል ካላያያዛችኋቸው፣ ሞተሪኖው የሚስበው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘውም የነዳጅ መስጫው ኬብል ወይም የማርሹ ኬብል ሊሆን ይችላል። ቁልፉን አዙራችሁ ከነዳጅ መስጫው ኬብል ጭስ ሲወጣ ካያችሁ ኬብሉን አትውቀሱ፤ ማሳው የለም ማለት ነው።

ማሳ የምታስሩበትን ቦታ በቅርብ ተመልከቱት። ሻንሲያችሁን ፓውደር ኮት አስቀብታችኋል፤ ጥሩ አድርጋችኋል፤ ቀለሙ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎኑ በሚያርፍበት ዙሪያ የሳንቲም ስፋት ያህል እስከ ነጩ ብረት ድረስ ፋቁት። የኬብሉን ተርሚናል በቀጥታ ብረቱ ላይ አሳርፉ፤ በተርሚናሉና በብረቱ መካከል ሮንዴላ አይግባ። አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ዝገት እንዳይገባ ላዩን በግሪስ ወይም በቀለም ሸፍኑት። አንዳንዱ መጀመሪያ ቀብቶ በኋላ ያስራል፤ ያ ሥራ ክረምቱን እንኳ አይሻገርም።

ከዚያ ለኩት፤ በዓይን አትፍረዱ። ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ያዙ፤ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። የሚታየው ቁጥር እዚያ መንገድ ላይ የጠፋባችሁ ቮልት ነው። ከ0.2 ወይም ከ0.3 በታች ከሆነ ደግ ነው፤ ግማሽ ቮልት ከደረሰ ፈትታችሁ እንደገና ፋቁ። በኦም መለካት እዚህ አይረዳም፤ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ የቀረችው ኬብል በኦም ስትለካ ጤነኛ ትመስላለች፤ ጭነት ሲመጣ ነው የምትጋለጠው።

ኬብል ስትገዙ ዋጋው ከገበያው ከግማሽ በታች ከሆነ ጫፉን በቢላዋ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ለድምፅ ማጉያ የሚገዙት አሉ፤ ለሞተሪኖ ግን እኔ አላስገባውም።

ቱርቦ የሌለው መኪና ይህን ሁሉ ጉድለት ይታገሣል፤ ትንሽ ይቸገራል፣ መብራቱ ይደክማል፣ ጠዋት እንቢ ይላል። ቱርቦ ያለው አይታገሥም። ምክንያቱ ቤንዚን ነው። የዚህ ሞተር ፓምፕ በ4 ባር ገደማ ግፊት ነው የሚሠራው፤ ቱርቦው 0.7 ባር ሲገፋ፣ ሬጉሌተሩ በትክክል ከተገጠመ፣ የቤንዚኑም ግፊት በዚያው ልክ ወደ 4.7 ይወጣል። ፓምፑ ይበልጥ የሚቸገረው፣ ይበልጥም አምፔር የሚስበው፣ ሞተሩ ቤንዚን አብዝቶ በሚጠይቅባት በዚያችው ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ቮልት ካነሰው ቤንዚኑ ያንሳል፤ አየሩ ግን አይቀንስም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ይጨምራል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተኑም ሊቀልጥ ይችላል። ሞተሩን ከፍቶ ያየ ሰው ቱርቦውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከኋላ፣ ፓምፑን ያሰራችሁበት ቀጭን ጥቁር ሽቦ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ፓምፑ 15 አምፔር ይስባል እንበል፤ ከፊት እስከ ኋላ 5 ሜትር ሽቦ አለ። 16 ጌጅ በሚሉት፣ 1.3 ካሬ ሚሊሜትር በሆነው ሽቦ ከላካችሁት መንገድ ላይ 1 ቮልት ገደማ ይጠፋል። በ10 ጌጅ፣ በ5.3 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ የሚጠፋው ሩብ ቮልት ብቻ ነው። መመለሻውንም በቀጭኑ ካደረጋችሁት ሌላ 1 ቮልት ጨምሩ። በጥቂት ዶላር ልዩነት ነው ይህ ሁሉ። ስለዚህ ሪሌውን ከኋላ ከፓምፑ አጠገብ አስቀምጡት፤ ወፍራሙን ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ በፊውዝ አምጡለት፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ይሁን ሥራው። ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፍ አታስነሡት፤ በኮምፒውተሩ በኩል ይሁን። ሞተሩ በግጭት ቢቆም ኮምፒውተሩ ፓምፑን ያጠፋዋል፤ ቁልፉ ግን አያጠፋውም። የዚህ ፒካፕ የፋብሪካ ታንከር ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ መሆኑን አትርሱ። ወደ ኋላ ከጭነት መጫኛው ሥር ካላዞራችሁት ቤንዚን ጀርባችሁ ላይ ተሸክማችሁ ነው የምትነዱት።

ስለ ፊውዝ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ነገር ብቻ። ፊውዝ የሚመረጠው ለሽቦው ነው፤ ሽቦው ከመጋሉ በፊት መቃጠል ያለበት እሱ ነው። የሚቀመጠውም ከባትሪው አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና።

የቁልፉን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በእነዚህ አሮጌ መኪናዎች ሬዲዮና ማሞቂያ የሚያበራው መስመር ሞተሪኖው ሲዞር ይጠፋል። ኮምፒውተሩን ከዚያ መስመር ከቀጠላችሁት ሞተሪኖው ያዞራል፣ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ ቁልፉን ስትለቁት ብቻ አንዴ ሊተኩስ ይሞክራል። ብዙ ሰው ካንዴላና ኢንጀክተር የሚቀይረው በዚህ የተነሣ ነው። በቴስተር ለኩ፤ ቁልፉ በሁለቱም ቦታ፣ ሲበራም ሲያዞርም፣ 12 ቮልት የሚሰጠውን መስመር ፈልጉ።

የሴንሰሮችን መመለሻ ከቬንቶላና ከፓምፕ ማሳ ጋር አታደባልቁ። በፋብሪካው አሠራር ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ የሚገባ የራሱ ሽቦ አለው፤ እዚያው ይቅር። ለቱርቦ ብላችሁ ባለ 3 ባር የግፊት ሴንሰር አድርጋችሁ ይሆናል፤ የፋብሪካው ባለ 1 ባር ከከባቢ አየር በላይ ያለውን አያይምና። በዚያ ሴንሰር ላይ 0.1 ቮልት ስሕተት 6 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ቬንቶላው በተነሣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ግፊቱን በዚያ ያህል ከተሳሳተ፣ ቤንዚኑንም የሚለካው በስሕተት ነው። ዘመናዊ ዲጂታል ዳሽቦርድ የገጠማችሁ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርባቸው፣ እንደ ሹሩባ የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ታገኛላችሁ። ባትሪውን ፈትታችሁ በሁለቱ መካከል ኦም ለኩ፤ 60 ገደማ ካሳየ ደህና ነው። 120 ካሳየ አንደኛው ጫፍ ላይ ያለው ሬዚስተር ጎድሏል።

ተርሚናል በፒንሳ አትጭመቁ። ጨምቆ ሳይጨርስ የማይለቅ መጭመቂያ አለ፤ እሱን ግዙና እያንዳንዱን ተርሚናል ካሰራችሁ በኋላ በእጃችሁ ሳቡት። በሶልደር መበየድን የሚወዱ አሉ፤ እኔም ለሬዲዮ እወደዋለሁ። በሚንቀጠቀጥ ሞተር ላይ ግን የተበየደው ቦታ ይደርቅና ሽቦው ከጫፉ ላይ ይበጠሳል። ከቱርቦው አጠገብ የሚያልፍ ሽቦ ከተቻለ መንገዱን ቀይሩለት፤ ካልተቻለ ቢያንስ 125 ዲግሪ የሚችለውን ዓይነት ግዙና በመካከላቸው የብረት ጋሻ አቁሙ። ተራው ፕላስቲክ እዚያ ቦታ ወር አይቆይም። በናስትሮ መጠቅለልማ መቅለጡን እንዳታዩት ከመሸፈን በቀር አይጠቅምም።

ሁሉ ሲታሰር ባትሪውን በቀጥታ አትግጠሙ። ፊውዞቹን ሁሉ አውጡ። 55 ዋት የሆነ አሮጌ የፊት መብራት አምፖል በባትሪው ኔጋቲቭና በኬብሉ መካከል በሽቦ አያይዙ። አምፖሉ ወለል ብሎ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ አምፖሉ ግን ከ5 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ምንም አይቃጠልም። ካልበራ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ እያንዳንዱ ላይ አምፖሉን እዩት። አዲስ አበባ ቴስተር በሌለበት ዘመን የምንሠራው እንዲህ ነበር፤ ዛሬም የሚተካው አላየሁም። እሳት ማጥፊያው ከጋራዡ በር አጠገብ ይሁን እንጂ ከመኪናው ጀርባ መደርደሪያ ላይ አይሁን።

ባትሪውን ወደ ኋላ ካዞራችሁና ድራግ ሜዳ ልትወስዱት ካሰባችሁ፣ የኤንኤችአርኤ ደንብ ከመኪናው ኋላ ከውጭ የሚደረስበት ማጥፊያ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ማጥፊያው ባትሪውን ብቻ ከቆረጠ ዲናሞው ሞተሩን ይዞ ሊቀጥል ይችላል፤ ደንቡ ደግሞ የሚፈልገው ሞተሩ እንዲቆም ነው። የዲናሞው ሽቦም በማጥፊያው በኩል እንዲቆረጥ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት።

ቱርቦውን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥብቃችሁ የምትረግጡት በዚያው ሜዳ ይሁን፤ ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ አይደለም። የቱርቦው ግፊት መቆጣጠሪያ ሽቦ ተነቅሎ፣ ግፊቱ በዌስትጌቱ ስፕሪንግ ልክ ብቻ ሲሆን ጀምሩ። ስትረግጡ የቤንዚኑ ግፊት ከቱርቦው ግፊት ጋር እኩል እየጨመረ መውጣት አለበት፤ ቮልቱም ከ13.5 አካባቢ መውረድ የለበትም። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም እንዲመዘግብ አድርጉና ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ቆማችሁ አንብቡት። የቤንዚኑ ግፊት ከኋላ ከቀረ ሁለተኛ አትሩጡ፤ ፕሮግራሙን ለሚያስተካክለው ሰው ከመደወላችሁም በፊት ከጭነት መጫኛው ሥር ገብታችሁ ፓምፑ ራስ ላይ የሚደርሰውን ቮልት ለኩ።