ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ፈተና

ልጄ፣ ትዳር የሚፈርሰው አልጋ ላይ ነው ብለህ አታስብ። አልጋው መጨረሻው ነው፤ መጀመሪያው ወሬ ነው። ይህን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ብትለኝ፣ ፈረንሳዊው ኤሪክ ሮሜር እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራውን «ፍቅር ከሰዓት በኋላ»ን እጠራልሃለሁ።

ባለታሪኩ ፍሬደሪክ ክፉ ሰው አይደለም። ከፓሪስ ዳርቻ በባቡር ወደ ቢሮው ይመላለሳል። መምህርት ሚስቱን ኤሌንን ይወዳል፤ ልጅ አላቸው፣ ሁለተኛውም በመንገድ ላይ ነው። ታዲያ ምሳ ሰዓት ካፌ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚዋን ያያል፤ አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ክታብ መሰል መሣሪያ ያገኛትን ሴት ሁሉ እሺ ሲያሰኝም በቁሙ ያልማል። በዚህ አልፈርድበትም። ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም።

የምፈርድበት ክሎኤ ከመጣች በኋላ ነው። የድሮ ወዳጁ ፍቅረኛ የነበረች ናት። ኑሮ አልሰምር ብሏት አንድ ቀን ቢሮው ብቅ ትላለች፤ ይረዳታል፣ ያዳምጣታል፣ ከሰዓት በኋላ መገናኘት ይለምዳሉ። «ምን አደረግሁ?» እያለ ራሱን ያጽናናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ልጄ! ለሚስቱ ሊያወጣው የሚያፍረውን የልቡን ነገር ለክሎኤ ሳይጨነቅ ያወራላታል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ጨዋ ነው፣ ግን አፉ የታሰረ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለእኔ ክህደቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

በመጨረሻ ክሎኤ ገላዋን ታጥባ አልጋ ላይ ትጠብቀዋለች። ፍሬደሪክ አንገተ ረጅም ሹራቡን ሊያወልቅ ወደ ላይ ሲስበው ፊቱን መስታወት ውስጥ ያያል። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ልጁን ሲያጫውት በዚያው ዓይነት ሹራብ ራሱን ሸፍኖ ነበር። ሹራቡን መልሶ ይለብስና ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል፤ ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል። ሳይሰናበታት መሄዱን ፈሪነት የሚሉት አሉ። እኔ እግሩን አመሰግናለሁ፤ እዚያ ቆሞ ማብራራት ቢጀምር ኖሮ አይወጣም ነበር። ክሎኤ ግን ታሳዝነኛለች። ልጅ ከእሱ ለመውለድ እስከ መመኘት ያደረሳት ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢቆርጥላት ኖሮ ያን ያህል አትዋረድም ነበር።

በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ሲደርስ ኤሌን ትደነግጣለች። እየተንተባተበ እንደሚወዳት ይነግራታል፤ ታለቅሳለች። የሁለቱ ተዋንያን፣ የበርናርና የፍራንስዋዝ ቨርሌ፣ በእውነተኛው ሕይወትም ባልና ሚስት መሆን ለትዕይንቱ የጨመረለት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ፊልሙን ብቻህን አትየው፤ ከሚስትህ ጋር ተቀመጥ። ኤሌን ለምን እንዳለቀሰች ሮሜር አይነግረንም። እሷም የራሷ ምስጢር ነበራት ብለው የሚጠረጥሩ አሉ፤ እኔ የብቸኝነት እንባ አድርጌ ነው ያየሁት። ሚስትህ ምን እንደመሰላት ጠይቃት፤ መልሷንም ሳታቋርጥ ስማት።