ሳንባ ነቀርሳን ለመከልከል የሚያነሣሣን ምንድር ነው?

ከሸዋ ሮቢት ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ በቆላው ሳለ የአውቶቡሱን መስኮት ወለል አድርጎ ይከፍታል። ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሲቃረብ ግን ብርዱ ይመጣልና አንዱ «ዝጉት፥ ነፋስ ይመታናል» ይላል፤ ሁሉም ይዘጋሉ። እኔም ብዙ ጊዜ ዘግቻለሁ። ከኋላ ወንበር የሚያስል ሰው ቢኖር የተከፈተው መስኮት ለተሳፋሪው ሁሉ ይጠቅም ነበር፤ ነገር ግን የከፈተው ሙቀት እንጂ ፍቅር አይደለም። እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ሙቀቱ ሲያልፍ መስኮቱን የሚያስከፍተን ምንድር ነው?

ብዙዎች ፍርሃት ነው ይላሉ። ፍርሃት ሰውን ወደ ሐኪም ያስሮጣልና ጥቂት ይጠቅማል፤ ዳሩ ግን አስተዋይ ዘበኛ አይደለም። የደዌው ምክንያት የሆነችውን ረቂቅ ተሐዋሲ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በ1874 ዓ.ም. አስታውቋል። የምትተላለፈውም በሚያስለው ሰው ትንፋሽ በአየር ነው እንጂ በመብልና በመጠጥ ዕቃ አይደለም። ፈሪ ሰው ግን የታመመውን ዋንጫ ይለያል፥ ከጽዋ ማኅበር ያርቀዋል፥ ማታም መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ከዚህ ምን ይመጣል ቢሉ፥ ይህን ያየ ሌላው የሚያስል ሰው ሳሉን ይሸሽጋል። በይፋት ቆላ ሽንኩርት ሊነቅል ከደጋ ወርዶ ከብዙዎች ጋራ በአንድ ክፍል የሚያድር የቀን ሠራተኛም ቢሸሽግ፥ እንጀራው እንዳይቋረጥ ነውና ልንፈርድበት አይገባም።

የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። በሽተኛው ኪኒኑን ጥቂት ሳምንታት እንደ ዋጠ ሳሉ ይቀልለታል፤ ፍርሃቱም አብሮ ይሄዳል። በቀሩት ወራትስ ምን ያስውጠዋል? ቢያቋርጥ ደዌው ሊያገረሽ፥ መድኃኒቱንም ለምዶ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ደኅና ነኝ እያለ የሚውጠው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ነገ በአውቶቡስ አጠገቡ ስለሚቀመጠው፥ ክርስቲያን ይሁን እስላም ስለማያውቀው ሰው ጭምር ነው። ይህን እኔ ከጾም አላሳንሰውም።

«ጸበል ጀምሬአለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚተውም አለ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ያከብራል፤ ታዲያ ጸበሉን ከኪኒኑ ጋራ የሚያጣላ ካህን ይህን ከማን ተማረው? ጸበልተኞችም ተጨናንቀው የሚያድሩበት ቤት መስኮቱ ጠባብ ነው፤ እርሱንም ብርድ ፈርተን በጨርቅ እንደፍነዋለን። ያን ጨርቅ የምናነሣው እኛ ካህናቱ ነን።