እጅን ስለ መክፈት

በሰርከስ ዥዋዥዌ በአየር ላይ መብረርን የሚማር ሰው በመዠመሪያው ወራት እጅግ የሚደክመው አጥብቆ በመያዙ ነው። መዳፉ ይላጣል፥ ትከሻው ይዝላል፥ እስትንፋሱም ይታፈናል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ በመረቡ ላይ በጀርባ መውደቅን ያስተምረዋል፤ መውደቅን ያልለመደ መልቀቅን አይደፍርምና።

ሆላንዳዊው የካቶሊክ ካህን አባ ሄንሪ ናውወን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ የሮድሌይ በራሪዎች የተባሉትን የሰርከስ ሰዎች አዩ፤ ከዚያም ወዲህ ወዳጃቸው ሆኑ። የበራሪዎቹም አለቃ ዋናው ሥራ የተቀባዩ እንደ ሆነ፥ በራሪው ግን እጁን ዘርግቶ መጠበቅ እንዳለበት አስረዳቸው፤ የተቀባዩን እጅ ልያዝ ብሎ ቢቻኰል የእጅ አንጓ ይሰበራልና። አባ ሄንሪም ይህን ነገር በሞት ሰዓት በእግዚአብሔር ለመታመን ምሳሌ አደረጉት።

እንግዲህ የሚታመን ሰው ሥራ ፈት ነውን? ሰነፍ ሰው በዚህ ምሳሌ ደስ ይለው ይሆናል። ነገር ግን ያ የተዘረጋ እጅ እንዲያው የተገኘ አይደለም። የሕንዱ ፓታንጃሊ፥ ሃይማኖቱ ከክርስቲያን የራቀ ቢሆንም፥ በዮጋ መጽሐፉ አእምሮን ለማሳረፍ የዘወትር ልምምድንና ከምኞት መለየትን አንድ ላይ ማኖሩ በማስተዋል ነው። ዓመት ሙሉ በየማለዳው እስትንፋሱን ያረጋጋ፥ ክንዱንም ያጠነከረ ተማሪ፥ ዥዋዥዌው ከከፍታው ጫፍ ደርሶ ለቅጽበት ሰውነቱ ክብደት የሌለው በሚመስልበት ጊዜ እጁን ይከፍታል። ያን ጊዜ ያ ብርቱ ክንድ የሚጨብጠው ነገር የለም፤ ደካማ ቢሆን ግን እስከዚያ ባላደረሰው ነበር። ተቀባዩም በጕልበቱ ተንጠልጥሎ ከወዲያኛው በኩል እየመጣ ነው።